ሳይሰናበቱ የማይወጡበት ክፍል

ሰኞ ጠዋት ሪከርድ ክፍል ስገባ ኮምፒውተሩ ጋቢ አልለበሰም ነበር። ጋሽ አስማረ የእውነት እንደሄዱ የገባኝ ያኔ ነው። ጡረታቸው ከደረሰ ሰንብቷል፤ የሽኝቱ ድግስም ተበልቶ ተጠጥቶ አልቋል፤ ዳይሬክተራችንም ንግግር አድርጎ እንባ ቢጤ ተናንቆታል። እኔ ግን ሰውየው በማግስቱ ብቅ ብለው "ቁልፉን የት አደረግሽው?" የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። አልመጡም። ጋቢያቸውን አጣጥፈው፣ ብዕራቸውን ጆሯቸው ላይ እንደሰኩ፣ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ መካነ ብርሃን በሚሄድ አይሱዙ ተሳፍረዋል አሉ። ስልካቸውን ስሞክር ያቺ የማትደክም ሴትዮ አሁን ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ ነገረችኝ።

ኮምፒውተር ጋቢ ለምን ይለብሳል የሚል ሰው የደባርቅን ብርድ አያውቀውም። ጋሽ አስማረ ማሽኑ የሚለግመው ሲበርደው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጠዋት ጋቢውን ይገልጣሉ፣ ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጋሉ፣ "እንደምን አደርህ" ይሉታል፤ ከዚያ ነው የሚያበሩት። እኔ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ፤ በዚህ አሠራር ላይ ብዙ ተከራክሬአለሁ። የሚያናድደው ነገር በእሳቸው እጅ ቶሎ ይነሳል፣ በእኔ እጅ ይንቀራፈፋል።

ሥራቸው የተማሪ መዝገብ መያዝ ነበር። በትምህርት ቤታችን ያለፈ ሰው ሁሉ ስሙ በእሳቸው እጅ ተጽፏል። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ስለቀመሱ ጽሕፈታቸው ብራና ላይ የሰፈረ ይመስላል፤ የልጁ ውጤት አርባ ቢሆን እንኳ ያቺ አርባ በእሳቸው እጅ ስትጻፍ ታኮራለች። ተማሪ ስም ሲጠሩ የአባትን ስም አይዘሉም፤ ካልተነሳና "አቤት" ካላለም ወደ ቀጣዩ አያልፉም። በዚህ የተነሳ አንድ የስም ጥሪ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ይበላ ነበር።

ታዲያ እኚህ ሰው ባሉበት ነው አንድ ፕሮጀክት ስድሳ ታብሌትና አንድ በኢንተርኔት የሚሠራ የመማሪያ ሲስተም ይዞልን የመጣው። ሲስተሙ ከዘጠነኛ ክፍል ስድሳ ልጆችን ብቻ ይይዛል። አንዷን ቦታ ወንበር እንላት ነበር። ወንበር ያገኘ ልጅ ታብሌት ይሰጠዋል፣ ትምህርቱን በቪዲዮ ያያል፣ መልመጃውን እዚያው ይሠራል። ያላገኘ የጓደኛው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ያለፈውን እንዘጋለን፣ የሄዱትን እናስወጣለን፣ አዳዲሶቹን አስገብተን አዲሱን እንከፍታለን። ሥልጠናው ላይ ይህ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው ተብሎ ነበር። አሠልጣኙ ጋሽ አስማረን አያውቃቸውም።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር መክፈቻና መዝጊያ በእኛ አቆጣጠር አስገቡት። ሲስተሙ የፈረንጅ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ሲያይ ይህ ሴሚስተርማ ካለቀ ዓመታት ሆኖታል ብሎ ደመደመ። ስድሳ ተማሪ አንድ ቀን ሳይማር "ትምህርትዎን በተሳካ ሁኔታ አጠናቀዋል" የሚል ምስክር ወረቀት በየስልኩ ደረሰው። በማግስቱ ከገጠር ቀበሌ አንድ አባት ዶሮ ይዘው ዳይሬክተሩ ቢሮ መጡ፤ የትምህርቱን ፍጥነት አድንቀው፣ ሁላችንንም መርቀው ሄዱ። ዶሮዋን ለመመለስ ሰው መላክ ነበረብን።

"ጋሼ፣ ቀኑን በፈረንጅ ይቀይሩት እንጂ" አልኳቸው።

"ለምን ሲባል? እኛ እዚህ ነን፤ ልጆቹም እዚህ ናቸው። እሱ ይቀየር።"

በመጨረሻ እኔው ቀየርኩት። እሳቸው ግን ጳጉሜ የምትገባበት ቦታ ሲስተሙ ውስጥ ስላጡ ቅር እንዳላቸው ቀሩ።

የማልረሳው የሁለተኛውን ሴሚስተር መክፈቻ ሳምንት ነው። ከስድሳዎቹ ልጆች አሥራ ዘጠኙ ትምህርት ቤት መምጣት ትተዋል፤ ወንበራቸው ግን በስማቸው ተይዞ ባዶውን ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ በምትካቸው አሥራ ዘጠኝ ልጆች መርጦ ስማቸውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። የመጨረሻዋ ይታይሽ የምትባል ልጅ ናት። አንደኛውን ሴሚስተር ሙሉ የጓደኛዋን ታብሌት ከጎን ሆና ስታይ ከርማ አንገቷ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ቀርቷል፤ ሰላም ስትለኝ ሳይቀር ከጎን ነው የምታየኝ። የሴሚስተሩ ዝርዝር ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሱን ይዘጋል። እስከዚያ ያልገባ ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ ከውጭ ይቀራል።

"አሥራ ዘጠኙን ዲሊት አርጊያቸውና እንገላገል" አለ ዳይሬክተሩ። ወጣት ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ስብሰባ እየሄደ ነው የሚያወራው።

ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ እጄን ወደ ማውሱ ስሰድ፣ ጋሽ አስማረ ባርኔጣቸውን አውልቀው ማውሱ ላይ ደፉት።

"ሳይሰናበቱ?" አሉ።

"ሄደዋል እኮ ጋሼ።"

"መሄድማ ሄደዋል። አልተሰናበቱም ነው የምልሽ። ተማሪ ከመምህሩ ቤት ሲወጣ ስሙ ይጠራል፣ አቤት ይላል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ ይወጣል። ወጉ ይኸ ነው።"

"ሲስተሙ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።"

"እሱ ምኑን ያውቃል፤ ጳጉሜን እንኳ የማያውቅ።"

ዳይሬክተሩ ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። ከንቱ ድካም ነው። ተማሪ ለማስወጣት የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል በጋሽ አስማረ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ጭንቅላታቸው ደግሞ በግድ የሚከፈት አይደለም። "ተማሪው ራሱ ይምጣና ይናገር" አሉ። አይመጣም ስንላቸው "እንግዲያው እኛ እንሄዳለን" አሉ። እኛ ያሉት እኔንና ራሳቸውን ነው። ታብሌቱን ታቅፌ፣ በሆዴ ስረግም፣ ተከተልኳቸው።

የመጀመሪያው አዲሱ ጥጋቡ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ይነዳል። ሦስት ተሳፋሪ ጭኖ ሊነሳ ሲል ጋሽ አስማረ ፊቱ ቆሙ። ሞተሩን አስጠፉት፤ አወረዱት። ብዕራቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ።

"አዲሱ ጥጋቡ።"

"አቤት" አለ ልጁ፣ ሳያስበው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ።

"ትምህርቱን ስለምን ተውከው?"

"ሥራ ይዤ ነው ጋሼ።"

"ሥራህን ይባርክልህ። መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልህ። ጭነህ የሄድከውን በደኅና አድርስ።"

ባጃጁ ውስጥ ያሉት ሁሉ "አሜን" አሉ። ሲስተሙ ከማስወጣቱ በፊት ምክንያት ይጠይቃል፤ ተዛወረ፣ አቋረጠ ወይም ጨረሰ ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። "አቋረጠ" የሚለውን ተጫንኩ፤ ጋሽ አስማረ የይለፍ ቃሉን እኔን ዞር አድርገው ጻፉ፤ አንዷ ወንበር ተለቀቀች። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ "እኔንም ይመርቁኝ አባቴ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ" አሉ። እሳቸውንም መረቁ። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ገና አሥራ ስምንት ልጆች ይቀሩናል።

በሁለት ቀን ደባርቅ ከተማ ውስጥ ያሉትን አሥራ ሦስቱን አሰናበትን። አንዷን ፀጉር ስትሠራ፣ የደንበኛዋ ግማሽ ራስ ተሠርቶ ግማሹ ሲጠብቅ፤ አንዱን ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ፣ መዶሻውን እንደያዘ። ከተማው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ማክሰኞ ከሰዓት ላይ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ "እኔም ከአሥር ዓመት በፊት አቋርጬ ነበር፣ አሰናብቱኝ" ይሉን ጀመር። ጋሽ አስማረ ደስ ብሏቸው ሊቆሙ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

ረቡዕ ወደ ፓርኩ ወጣን። ሦስቱ ልጆች ለቱሪስት በቅሎ ይጎትታሉ። ኔትወርክ ያለው አንድ ቋጥኝ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ ታብሌቱን ሽቅብ ዘርግቼ እዚያ ላይ ቆምኩ፤ ጋሽ አስማረ ከሥር ሆነው ስም ይጠራሉ፣ ልጆቹ በቅሎ እንደያዙ "አቤት" ይላሉ፤ ከዚያ እሳቸው ቋጥኙ ላይ ወጥተው የይለፍ ቃሉን ይጽፋሉ። ፈረንጆቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸጥ ብለው ቆሙ። አስጎብኚው ምን ብሎ እንደተረጎመላቸው አላውቅም፤ አንዷ ግን አለቀሰች።

ሐሙስ አዲ አርቃይ ወረድን። ሊማሊሞን በአይሱዙ ጋቢና ስንወርድ ከገደላገደሉ የበለጠ የጨነቀኝ ጊዜው ነበር። ነገ ዓርብ ነው። ትዕግሥቴ አለቀና ተናገርኳቸው። "ጋሼ፣ ለሄዱት ልጆች ሲሉ ያሉትን ሊያስቀሩ ነው። ይታይሽን አያዝኑላትም?" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ሾፌሩ ዞሮ አየኝ።

አልተቆጡም። እንዲህ አሉኝ፦ "ልጅ ሆኜ ዜማ ስማር አንድ ቀን ጠፋሁ። ከበደኝ፤ ራበኝም። የኔታን ሳልሰናበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንጨት ልሰብር ብዬ በዚያው ሄድኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ አብሮኝ የነበረውን ልጅ አገኘሁት። 'የኔታ ክረምቱን ሙሉ ስምህን ሲጠሩ ነበር' አለኝ። አስማረ ይላሉ። የሚመልስ ሲጠፋ ትንሽ ይጠብቃሉ። ከዚያ ነው ወደ ሌላው ልጅ የሚያልፉት።"

"ተመልሰው አልሄዱም?"

"ስሄድ አርፈው ነበር።"

ታብሌቱን ከፍቼ አዲ አርቃይ ያሉትን ሁለት ልጆች ስም ከነአባታቸው ማጥናት ጀመርኩ።

አዲ አርቃይ ላይ ካሉት ሁለት ልጆች አንዱ ቶሎ ተገኘ። ሁለተኛው ጌታሁን የሚባለው ከሩቅ ሲያየን ታብሌቱን ሊያስመልሱኝ መጡ ብሎ ሮጠ። ታብሌቱን ካስረከበ ወራት ሆኖታል፤ ልጁ እንዲሁ ድንጉጥ ነው። የማሽላ አገዳ ተከምሮ ነበርና ከክምሩ ጀርባ ተሸሸገ። ብንለምን አልወጣ አለ። ጋሽ አስማረ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ጮክ ብለው "ጌታሁን ሲሳይ" አሉ። ከክምሩ ውስጥ "አቤት" የሚል ድምፅ አመለጠ። ወዲያው አፉን እንደያዘ ያስታውቃል፤ ግን አቤት ብሏል። ጋሽ አስማረ ፊታቸውን ወደ አገዳው አዙረው መረቁት። ክምሩም "አሜን" አለ።

ዓርብ ጠዋት አንዲት ልጅ ብቻ ቀረችን፤ ስንዱ መኳንንት። ደባርቅ አክስቷ ቤት ሆና ስትማር ነበር፤ ኅዳር ላይ ጠፋች። ዳባት እናቷ ቤት አለች ተባለና በሚኒባስ ሄድን። ቤቱን ስናገኘው ስንዱ አራስ ናት። ጋሽ አስማረ በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ስንዱ መኳንንት።"

"አቤት።"

"ትምህርቱን ስለምን ተውሽው ልጄ?"

"አልተውኩትም" አለች ሕፃኗን ወደ ትከሻዋ እያወጣች። "ልወልድ ነው እናቴ ቤት የመጣሁት። ሴት ልጅ ልትወልድ እናቷ ቤት ስትሄድ ተወች ይባላል? ልጄ የዛሬ ሳምንት ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሳለች። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ አክስቴ ቤት ነኝ። አታውጡኝ ጋሼ፣ በማርያም።"

ጋሽ አስማረ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። "እንግዲያው የምትቀሪው አንድ ሳምንት ነው። እኔ በያዝኩት መዝገብ ላይ በጉንፋን ወር የቀረ አለ። በይ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ" ብለው ባርኔጣቸውን ደፉ።

ሚኒባሱ ውስጥ እኔ አኩርፌ፣ እሳቸው በደስታ ያንጎራጉራሉ። አሥራ ስምንት ወንበር ተለቋል፤ ሰሌዳው ላይ ያሉት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ይታይሽ ውጭ ቀረች ማለት ነው። ስንዱን አቋርጣለች ብዬ ዋሽቼ ላስወጣት እንኳ የይለፍ ቃሉ የለኝም፤ ደግሞም ልጅቷ እውነቷን ነው። ያናደደኝ ዋናው ነገር ሁሉም ሰው እውነቱን መሆኑ ነበር።

ደባርቅ ስንደርስ ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ይታይሽ ሪከርድ ክፍሉ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሳላናግራት ገብቼ አሥራ ስምንቱን አዳዲስ ልጆች አስገባሁና ስድሳውን ስም ከክፍሉ የስም መጥሪያ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ጀመርኩ። ምናልባት የዘለልነው አንድ ቀሪ ይኖራል ብዬ ነው። አንድ አገኘሁ። ይህ ልጅ መልመጃ ሁሉ ሠርቷል፤ ቪዲዮ ሁሉ አይቷል፤ የስም መጥሪያው ላይ ግን የለም። የባዮሎጂው መምህር "አንድ አስማረ የሚባል ጎበዝ ልጅ አለ፣ መልመጃ ከሁሉ ቀድሞ ያስገባል፣ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም" ሲለን የከረመው ትዝ አለኝ።

"ጋሼ" አልኩ ቀስ ብዬ። "አስማረ ገላዬ የሚል ስም አለ።"

ዞሬ ሳይ ጆሯቸው ቀልቷል፤ ብዕሩ ሳይቀር የደነገጠ መሰለኝ።

"ሲስተሙ የመጣ ዕለት አሠልጣኙ አንድ ስም ለሙከራ አስገቡ አለ" አሉ። "የሰው ልጅ ስም ለሙከራ አላስገባም ብዬ የራሴን አስገባሁ። ከዚያ... መልመጃ መጣ። መልመጃ መጥቶ ዝም ይባላል?"

"ለምን አላስወጡትም ታዲያ?"

"ስምንተኛን ጨርሼ ነው በጸሐፊነት የተቀጠርኩ። ዘጠነኛን ሳልማር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዘጠነኛ ተማሪ ስም ጻፍኩ።" ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። "ደስ ይላል። የቅጠሉ ምግብ አሠራር ደስ ይላል።"

በመስኮቱ ይታይሽ ትታያለች። እሳቸውም አዩዋት። ሰዓቱን ጠየቁኝ፤ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው አልኳቸው። ብድግ ብለው ኮታቸውን ቆለፉና ክፍሉ መሐል ቆሙ።

"በይ ጥሪኝ።"

"እኔ?"

"መምህርት አይደለሽም? ጋሽ የሚለውን ትተሽ፣ ከነአባቴ።"

አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እኔም ብድግ ብዬ "አስማረ ገላዬ" አልኩ።

"አቤት" አሉ። ድምፃቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ድምፅ ሆነብኝ። "አሁን መርቂኝ።"

"ምርቃት አላውቅም ጋሼ።"

"እኔ እላለሁ፤ አንቺ ድገሚ። የተማርከው ይጥቀምህ።"

"የተማሩት ይጥቀምዎ።"

"አንተ በዪኝ፤ ተማሪ ነኝ።"

"አልችልም።"

"እሺ ይሁን። ያልተማርከውን ይግለጥልህ።"

"ያልተማሩትን ይግለጥልዎ" አልኩ። አሜን ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሲስተሙ ምክንያት ጠየቀ። "ተዛወረ ልበል?" አልኳቸው። ያንን ሁሉ ሳምንት ያለ ርኅራኄ ስጫነው የከረምኩት "አቋረጠ" የሚል ቃል ድንገት አስቀያሚ ሆነብኝ። "ወይም ጨረሰ?"

"መዝገብ ላይ ውሸት አንጽፍም" አሉ። "አቋረጠ በይ።"

ተጫንኩ። የይለፍ ቃሉን ጻፉ፤ በዚህ ጊዜ እኔን ዞር አላደረጉኝም። አንድ ወንበር ተለቀቀ፤ የይታይሽን ስም አስገባሁበት። ጋሽ አስማረ በሩን ከፍተው ከነአባቷ ጠሯትና ይታይሽ ገብታ ስሟን አየች። ስክሪኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ነው ያየችው። ከሥራ ስንወጣ ዝርዝሩ ተዘግቶ ነበር፤ ስንዱም በተባለው ሰኞ ሕፃኗን አክስቷ ጋ ትታ መጣች።

የዚያን ዕለት በር ላይ ስንለያይ ጋሽ አስማረ ጥቂት ሄደው ተመለሱ። "ትግስት፣ የባዮሎጂው ፈተና ላይ ተራ ቁጥር ስድስትን ግን ልክ ነበርኩ። ኤክስ ተደርጎብኛል። ለመምህሩ ንገሪልኝ።"

ሰኞ ነገርኩት። መጽሐፉን ገለጠ፣ መልሱን አየ፣ እንደገና አየ። ልክ ነበሩ። ነጥቡን ሊሞላላቸው ሲስተሙን ከፍቶ ስማቸውን ከላይ እስከ ታች ፈለገ፤ የክፍሉ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።